ባሕር ዳር ላይ ኦርኪድ ስትገዙ፦ አበባውን ወይስ ሥሩን? ሞሱን ወይስ ከሰሉን?

ኦርኪድ ልትገዙ ስትሄዱ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ተክል ይቀርብላችኋል። አንዱ ከላይ እስከ ታች በአበባ ተሞልቷል። ሌላው አበባው ረግፎ ቅጠልና ሥር ብቻ ቀርቶታል፤ ዋጋውም ቀነስ ይላል። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ያነሳል። እኔ መጀመሪያ የማገላብጠው ሁለተኛውን ነው። የአበባው ዘንግ ማደግ የሚጀምረው ከመፍካቱ ሁለት ሦስት ወር ቀድሞ ነው። ስለዚህ የምታዩት ውበት የዚያን ጊዜውን ጤና ይነግራችኋል እንጂ የዛሬውን አይነግራችሁም። ሥሩ እየበሰበሰ አበባው ሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

የማወራው ስለ ፋሌኖፕሲስ ነው። ቢራቢሮ የሚመስል ሰፊ አበባ ያለው፣ ለቤት ውስጥ በብዛት የሚሸጠው እሱ ነው። ትውልዱ ከእስያ ሞቃታማ ደኖች ነው። እዚያ የሚኖረው አፈር ውስጥ ሳይሆን ዛፍ ላይ ተጣብቆ፣ ሥሩን አየር ላይ ዘርግቶ ነው። ሥሩን የሸፈነው ልባስ እንደ ስፖንጅ ውኃ ይመጥጣል፣ ከዚያ ይደርቃል። ይህ መራስና መድረቅ ካልተፈራረቀለት ይታፈናል። በተራ አፈር የተተከለ ፋሌኖፕሲስ ካያችሁ እለፉት።

ሥሩን ጎን ለጎን ስናየው

ጤነኛ ሥር ሲደርቅ ብርማ ግራጫ ነው። ውኃ ሲነካው ወዲያው ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። በጣት ጫን ስትሉት ጠንከር ይላል። ጫፉ የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ እያደገ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምልክት አላውቅም።

የበሰበሰው ቡናማ ወይም ጥቁር ነው። ሲጫኑት ይላቁጣል፣ አንዳንዴም ይሸታል። ሳብ ስታደርጉት ልባሱ ይንሸራተትና መሀሉ ላይ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። በውኃ ጥም የሞተው ደግሞ ደረቅና ባዶ ነው፣ ይሰባበራል።

ቀለም ብቻውን ግን ያሳስታል። ብርሃን የማያገኝ፣ መሀል ላይ ያለ ሥር ብዙ ጊዜ አረንጓዴ አይደለም፤ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ነው። ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ሕያው ነው። ስንት ጥሩ ሥር በቀለሙ ብቻ ተፈርዶበት ይቆረጣል! ዓይናችሁ ከጠረጠረ ጣታችሁ ይወስን።

ቅጠሉም እንደዚሁ ነው። የተጨማደደና የላላ ቅጠል ሁልጊዜ የውኃ ጥም አይደለም። ሥሩ የበሰበሰበት ተክልም ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ እንዲያው ይጨማደዳል። ባለቤቱ ጠማው ብሎ ውኃ ሲጨምርለት ይብስበታል። ሁለቱን የሚለየው ሥሩን ማየት ብቻ ነው።

ስለዚህ ሻጩን ሳታፍሩ ጠይቁ፦ «ወንድሜ፣ ከዕቃው ላንሳውና ሥሩን ልየው?» እምቢ ካለ የታችኛዎቹ ቅጠሎች ከግንዱ ጋር የሚገናኙበትን ይዛችሁ በቀስታ ነቅነቅ አድርጉት። ብዙ የሚወዛወዝ ከሆነ የያዘው ሥር ጥቂት ነው። ከመትከያው አፍ ወጥተው አየር ላይ የተንጠለጠሉ ሥሮች ግን ጉድለት አይደሉም። ተፈጥሮው ነው።

የኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ለአንድ በዓል ቤት ለማድመቅ ከሆነ አበባ ያለውን ውሰዱ። ለዓመታት አብሯችሁ እንዲኖር ከሆነ ግን አበባ ባይኖረውም ሥሩ የጠነከረውን ግዙ። ከዘጌም ሆነ ከሌላ ደን ተነቅሎ የመጣ ኦርኪድ ሲቀርብላችሁ ደግሞ ፈጽሞ አትግዙ። በአገራችን ደኖች ዛፍ ላይ የሚኖሩ እንደ ኤራንጊስ ያሉ ነጫጭ ኦርኪዶች አሉን። ከዛፋቸው ተላቀው ቤት ውስጥ ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ ደኑም ይራቆታል።

በምን እንትከለው?

ባሕር ዳር ላይ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ይወርዳል፣ ሐይቁ ዳር ያለ ቤት ግድግዳው ሁሉ ይረጥባል። በጋ ላይ ደግሞ አየሩ ይደርቃል። በአፈር ፋንታ ዕቃው ውስጥ የምንሞላው ነገር ሁለቱንም ወቅት መቻል አለበት።

ስፋግነም ሞስ፣ ረግረግ ላይ የሚበቅለውና ደርቆ የሚሸጠው ለስላሳ ተክል፣ ከራሱ ደረቅ ክብደት ከአሥር እጥፍ በላይ ውኃ ይይዛል። ውኃ ማጠጣት ለሚረሳ ሰው፣ በበጋ፣ ደረቅ ቢሮ ውስጥ ጥሩ ነው። በክረምት ግን ቶሎ አይደርቅም፣ በተለይ ተጠቅጥቆ ከታሸገ። እጃችሁ ውኃ ማጠጣት የሚወድ ከሆነ ሞስን አልመክራችሁም።

የፓይን ዛፍ ቅርፊት መሀከለኛው ነው። በቁርጥራጮቹ መካከል አየር ያልፋል፣ መጠነኛ እርጥበትም ይይዛል። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ውስጥ ግን ይፈርስና ዱቄት ይሆናል፤ ያኔ መቀየር ግድ ነው።

ከሰልና ቀይ ድንጋይ፣ ያ ለግንባታ የሚጫነው ባለ ቀዳዳ ሬድ አሽ፣ አይበሰብሱም። ከሰል በየሰፈሩ አለ። ላምባ ያልነካው፣ አመድ ያልሆነ፣ ከባቄላ እስከ አውራ ጣት ጫፍ የሚያህለውን መርጣችሁ ጥቁር ውኃው እስኪጠራ እጠቡት። ጉድለታቸው በበጋ ቶሎ መድረቃቸውና ከውኃና ከማዳበሪያ የሚቀር ጨው ማጠራቀማቸው ነው። በወር አንዴ ብዙ ውኃ አፍስሶ ማጠብ ያስፈልጋል። በርሜል ያለው ሰው የክረምቱን ዝናብ ቢያጠራቅም ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይሻላል።

እኔ ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው የምመርጠው ሁለት እጅ ቅርፊት ከአንድ እጅ ከሰል ጋር ነው። ቅርፊት ካጣችሁ ከሰልና ቀይ ድንጋይ እኩል ቀላቅላችሁ፣ በበጋ ብቻ ከላይ ጥቂት ሞስ ጣል አድርጉበት። ኮኮፒት የሚባለው የኮኮናት ልጣጭ ድቃቂ ግን ለዚህ አይሆንም፣ ያፍናል።

መትከያው ላይ ብዙ አልከራከርም። ሸክላ ያምራል፣ አየርም ያሳልፋል፤ ነገር ግን ሥሩ ይጣበቅበትና ሲነቀል ይሰበራል። ውስጡም አይታይም። ግልጽ ፕላስቲክ ይበልጣል። ገበያ ላይ ካጣችሁት ሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጣችሁ ታቹንና ጎኑን በጋለ ሚስማር ብሱት።

ስታዛውሩት

ጥሩው ጊዜ አበባው ረግፎ አዲስ የሥር ጫፍ ብቅ ሲል ነው። በእኛ አገር ሚያዝያና ግንቦት ይስማማሉ፤ ሙቀት አለ፣ ዝናቡም ገና ነው። ያበበውን አትንኩት። ሥሩ መበስበሱን ካወቃችሁ ግን ወቅትም አበባም አትጠብቁ።

መጀመሪያ ሥሩን ለብ ባለ ውኃ ጥቂት ደቂቃ ንከሩት፤ ይለሰልሳል፣ አይሰበርም። አሮጌውን ቅርፊት በጣት አራግፉ። ከዚያ መሀሉን በደንብ ፈትሹ። ብዙ ችግኞች ሲያድጉ የተተከሉበት ትንሽ የሞስ ወይም የስፖንጅ ጉብታ ከግንዱ ሥር ተደብቆ ይቀራል። ላዩ ደርቆ እሱ እርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ መበስበሱ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይጀምራል። በቀስታ አውጡት።

መቀሱን በአልኮል ጥረጉ ወይም በእሳት አሳልፉት፤ ወደ ሌላ ተክል ስትሄዱም ድገሙት፣ በሽታ በስለት ይተላለፋል። የሞተውን ብቻ ቁረጡ። ቀረፋ ከነሰነሳችሁ ቁስሉ ላይ ብቻ ይሁን፤ ጤነኛውን ሥር ያደርቀዋል። አዲሱ መትከያ ከሥሩ ትንሽ ብቻ ይስፋ። በጣም ሰፊ ከሆነ መሀሉ አይደርቅም።

ብዙ ሥር ከተቆረጠ ውኃ ከመስጠት ሦስት አራት ቀን ታገሡ። ከዚያ በኋላ ቀን አትቁጠሩ፣ በፕላስቲኩ ውስጥ ሥሩን እዩ። አረንጓዴ ከሆነ ተዉት፣ ብርማ ሲሆን አጠጡ። ቅጠሎቹ መሀል ውኃ ከገባ በሶፍት ምጠጡት፤ እዚያ ያደረ ውኃ ዋናውን ቡቃያ ያበሰብሳል። በታኅሣሥና ጥር ሌሊት ከመስኮት አርቁት፣ ከ15 ዲግሪ በታች ብርድ አይወድም። ማዳበሪያ አዲስ የሥር ጫፍ እስኪታይ ይቆይ። ከዚያም እሽጉ ላይ ከተጻፈው መጠን ግማሹ ይበቃዋል።