አዲስ አበባ ላይ ርካሽ አልጋ፦ አውቶቡስ ተራ፣ የሰፈር ፔንሲዮን ወይስ የቀን ኮንዶሚኒየም?

«ለሳምንት አዲስ አበባ ልመጣ ነው፣ አልጋ የት ልያዝ?» ከክፍለ ሀገር የሚደውል ዘመድና ወዳጅ ሁሉ ይህንኑ ይጠይቃል። አንዱ ለፓስፖርት፣ አንዱ ለሕክምና፣ አንዱ ለኤምባሲ ቀጠሮ ነው የሚመጣው፤ ሁሉም ግን የሚፈልገው ርካሹን ነው። መልሱ ይኸው፦ ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ እስከ አንድ ሳምንት የምትቆዩ ከሆነ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ያለ ፔንሲዮን ያዙ። መርካቶ አውቶቡስ ተራ ያለው አልጋ ሌሊት ለሚነሳ መንገደኛ፣ ለአንድ አዳር ብቻ ነው። በቀን የሚከራየው ኮንዶሚኒየም ደግሞ አራትና ከዚያ በላይ ለሆነ ቤተሰብ ካልሆነ አያዋጣም።

መጀመሪያ ስለ ዋጋ። ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ምንዛሪ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ የአልጋ ዋጋ ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አልታየም፤ ስለዚህ ከዓመት በፊት የተነገራችሁን ዋጋ እርሱት። ሰፈሩንም ጭምር። «ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ርካሽ አልጋ ሞልቷል» የሚላችሁ ሰው አዲስ አበባ ከመጣ ቆይቷል፤ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈርሷል፣ የካዛንቺስም ሰፊ ክፍል በ2017 ተነሥቷል። እዚህ የምጠቀማቸው ቁጥሮች ለስሌት ብቻ ናቸው፤ ስሌቱን ይዛችሁ የዕለቱን ዋጋ ራሳችሁ አስገቡበት።

አውቶቡስ ተራ አልጋው 400 ብር፣ ሰፈር ውስጥ ያለው ፔንሲዮን 700 ብር ነው እንበል። የ300 ብር ልዩነት ትልቅ ይመስላል። አሁን ደምሩ። አውቶቡስ ተራ ሻወሩ የጋራ ነው፣ ብዙ ጊዜም ለብቻው ይከፈልበታል። ክፍሉ የማያስተማምን ስለሆነ ቀን ስትወጡ ሻንጣችሁን ወይ ተሸክማችሁ ትዞራላችሁ ወይ ከፍላችሁ ታስቀምጣላችሁ። ጉዳያችሁ ሽሮ ሜዳ ወይም ቦሌ ከሆነ ሚኒባስ ታክሲ እየቀያየራችሁ ነው ደርሳችሁ የምትመለሱት። ማታ ካመሻችሁ ደግሞ በእግር መሄድ ስለማይመከር ራይድ ወይም ፈረስ የሚባሉትን በስልክ የሚታዘዙ ታክሲዎች ትጠራላችሁ፤ አንዴ ከጠራችሁ ልዩነቱ አለቀ። የፔንሲዮኑ 700 ብር ግን ለክፍሉ ነው፤ ባልና ሚስት ከሆናችሁ ለነፍስ ወከፍ 350 ብር ወረደ ማለት ነው። ሁለት ወንዶች ከሆናችሁ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አንድ አልጋ ላይ ሁለት ወንድ የማያሳድሩ ቤቶች ብዙ ናቸው፣ ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ደግሞ ዋጋው ይለያል።

ከፍ ወዳለው ቤት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ «ታክስን ይጨምራል?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትስማሙ። 1,000 ብር የተባለው ክፍል 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመርበት 1,100፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 1,265 ብር ይሆናል። ለአምስት ሌሊት 1,325 ብር ልዩነት ነው።

አውቶቡስ ተራ አካባቢ ያለው አልጋ የሚረክሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቹ ክፍሎች ቀን በሰዓት ይከራያሉ፤ «ሾርት» የሚባለው ነው። አንድ ክፍል ከሰዓት በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተከራየ ባለቤቱ የአዳሩን ዋጋ ሳይመሽ አግኝቶታል፤ የአዳር እንግዳ ቶሎ እንዲገባበትም አይፈልግም። «አልጋ የምንሰጠው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው» ካሏችሁ ቤቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ነግረዋችኋል። አንሶላ በየእንግዳው መቀየሩን የሚያረጋግጥላችሁ የለም፤ የግድ ካደራችሁ የራሳችሁን አንሶላ ወይም ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚህም የሚረክሰው በነፍስ ወከፍ የሚከፈልበት ተደራራቢ አልጋና ቆጥ ነው። እዚያ ያለው ችግር ሰው ሁሉ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ መነሣቱ ነው፤ በጨለማ ማን የማንን ሻንጣ ይዞ እንደወጣ አይለይም። ገንዘብ፣ ስልክና መታወቂያ ከሰውነታችሁ አይለይ፣ ቦርሳችሁንም ትራስ አድርጉት።

ለአንድ ሌሊት ብቻ ብለው የሚመርጡትም የሚሳሳቱበት ነገር አለ፦ መናኸሪያው አንድ አይደለም። ወደ ደሴና መቀሌ ከላምበረት፣ ወደ አዳማና ሐዋሳ ከቃሊቲ፣ ወደ ጅማ ከአየር ጤና ነው የሚነሣው። መርካቶ አድሮ ሌሊት ላምበረት ለመድረስ የሚከፈለው የመኪና ዋጋ ከአልጋው ሊበልጥ ይችላል። መነሻው የት እንደሆነ ከትኬቱ አረጋግጡና እዚያው አጠገብ እደሩ።

ወደ ፔንሲዮኑ እንምጣ። ከመገናኛ እስከ ሃያ ሁለት ውስጥ ለውስጥ፣ ገርጂ፣ ሳሪስና ጎፋ ጥሩ ሰፈሮች ናቸው። መገናኛና ሃያ ሁለት ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው ባቡር ያገኛቸዋል፤ ሳሪስ ደግሞ የቃሊቲው መስመር ላይ ነው። ባቡር ቢጨናነቅም ብዙ ጊዜ ከሚኒባስ ይረክሳል። ሃያ ሁለት ላይ ከጭፈራ ቤቶቹ ራቁ፤ ምድር ቤቱ ግሮሰሪ የሆነ ፔንሲዮን የትም ቢሆን አትግቡ፣ እንቅልፍ የለም። ሌሊት በረራ ያለው ቦሌ ሚካኤልን ይይ፤ ለአየር ማረፊያው ቅርብ ሆኖ ከዋናው ቦሌ ይረክሳል። ጥቁር አንበሳ በሽተኛ የምታስታምሙ ከሆነ ሆስፒታሉ ደጃፍ ካለው ይልቅ ወደ ተክለ ሃይማኖት ወረድ ብላችሁ ፈልጉ፤ በእግር የሚደረስ ነው።

«ገስት ሀውስ» የሚል ሰሌዳ ምንም አይነግራችሁም። የሾርት ቤት ሁሉ አሁን ገስት ሀውስ ሆኗል። ስም ያወጣ ቤት ሲገኝም በዙሪያው «ቁጥር 2» የሚል ይበቅላል፤ ከመጀመሪያው ጋር ዝምድና ላይኖረው ይችላል። የተነገራችሁ ቤት ካለ በስሙ ሳይሆን በስልክ ቁጥሩ ፈልጉት። እውነተኛውን ከአስመሳዩ የሚለየው ቀን 9 ሰዓት ላይ ነው፦ በዚያን ሰዓት ክፍል ሰጥቶ፣ መታወቂያ ጠይቆ፣ መዝገብ ላይ ጽፎ፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ ቤት እንግዳ ያሳድራል። መታወቂያ ሳይጠይቅ «ለስንት ሰዓት ነው?» ያለው ሌላ ሥራ ላይ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ክፍሉን አስከፍታችሁ እዩ። ይህ ይሉኝታ የሚያዝበት ቦታ አይደለም።

ውሃውን አስቀድሙ። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ቧንቧው አሁን መፍሰሱ ነገ ለመፍሰሱ ዋስትና አይሆንም። ጣሪያውንና ግቢውን አይታችሁ ሮቶ ቁጠሩ። 15 ክፍል ያለው ቤት ባለ 2,000 ሊትር አንድ ሮቶ ብቻ ካለው ለአንድ ክፍል 133 ሊትር ነው የሚደርሰው፤ ሁለት ሰው ሻወር ወስዶ ሽንት ቤቱን አራት አምስት ጊዜ ከለቀቀ በኋላ የሚተርፍ ነገር የለም። ሮቶው መሬት ላይ ተቀምጦ ፓምፕ ከሌለው ውሃው ላይኛው ፎቅ አይደርስም፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፕ ያለውም ያው ነው። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ፎቅ ከሰጧችሁ ሻወሩን ራሱን ክፈቱት፤ የእጅ መታጠቢያው በቀጭኑም ቢሆን ይፈሳል፣ ያታልላል። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የተሞላ ባልዲና ጆግ መኖሩ ቤቱ ችግሩን እንደሚያውቅ ያሳያል፤ እኔ እንደ ጥሩ ምልክት ነው የማየው።

«ሙቅ ውሃ አለ?» ተብሎ «የለም» የሚል እንግዳ ተቀባይ የለም። ቦይለሩን አብሩና ላዩ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት መብራቷን እዩ። ባለ 30 ሊትር ቦይለር ለማሞቅ ወደ 50 ደቂቃ፣ ባለ 50 ሊትር ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ «አይሠራም» አትበሉ። የሻወሩ ጫፍ ላይ የሚገጠመው በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ዓይነት ከሆነ ሽቦውን ተመልከቱ፦ በናስትሮ የተጠቀለለ፣ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ከሆነ አትንኩት። ብዙ ኃይል ስለሚስብ ቀጭን ሽቦ ያቃጥላል፣ የመሬት መስመር ካልተገናኘለት ደግሞ ይነዝራል። እንዲህ ያለ ክፍል በቀዝቃዛ ውሃ ዋጋ ተደራደሩበት ወይም ቀይሩ።

ቀጥሎ ትኋን። የስልካችሁን ባትሪ አብሩና አንሶላውን በራስጌው በኩል ገልጣችሁ የፍራሹን ስፌት፣ የአልጋውን መጋጠሚያና ራስጌውን ከግድግዳው ለይታችሁ እዩ። በስፌቱ ላይ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ጥቁር ነጥብ ካለ ትኋን አለ ማለት ነው፤ አንሶላው ነጭ መሆኑ፣ ክፍሉ የተባይ መርጫ መድኃኒት መሽተቱ አያጽናናችሁ። ሌላ ክፍል ሲሰጧችሁ ጎረቤቱን ክፍል አትቀበሉ፣ ትኋን በግድግዳ ስንጥቅ ይሻገራል። የትም አድራችሁ ሻንጣችሁን አልጋ ላይና ወለል ላይ አታስቀምጡ፤ ወንበር ላይ ወይም ማንጠልጠያ ላይ ይሁን። የተጠራጠራችሁትን ልብስ ቤት ስትደርሱ በሙቅ ውሃ እጠቡት።

በሩን ከውስጥ ቆልፉና ሞክሩት። ቁልፍ ብቻ ሳይሆን መቀርቀሪያ ያለው ይሁን፤ የቁልፉ ቅጂ ስንት ሰው እጅ እንዳለ አይታወቅም። ግቢው ማታ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ጠዋት ስንት ሰዓት ክፍል እንደሚለቀቅም ጠይቁ፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይለያያል፣ አሳልፋችሁ ከቆያችሁ የግማሽ ቀን የሚያስከፍል አለ።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለም የመጀመሪያውን ቀን የአንድ ሌሊት ብቻ ክፈሉ። ጠዋት ውሃው መጥቶ፣ ሌሊቱ ጸጥ ብሎ ካገኛችሁት ያን ጊዜ «ለስድስት ቀን ስንት ታደርጉልኛላችሁ?» በሉ። ቅናሽ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ገና ስትገቡ ከጠየቃችሁ ሙሉውን ቅድሚያ ክፈሉ ይሏችኋል፣ ከከፈላችሁ በኋላ ደግሞ ማስመለስ የለም።

ኮንዶሚኒየሙን የሚያወድደው በዋጋው ላይ የማይጻፈው ነው። ሰሚት፣ ጀሞ ወይም አያት በቀን የሚከራየው ቤት ማስያዣ ይጠይቃል፣ የጽዳት ያስከፍላል፣ ብዙ ጊዜም ከሦስት ቀን በታች አይሰጥም። አራተኛ ፎቅ ከሆነ ሊፍት የለውም፣ ውሃውም በፈረቃው ቀን ከታች ያሉት ቀድተው ሲጨርሱ ነው የሚደርሰው። መብራቱ የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ስትገቡ የቀረውን ብር አንብቡ፤ እሁድ ማታ ካለቀ ባለቤቱን ፍለጋ ትሄዳላችሁ። በሽተኛ ወይም አዛውንት ይዞ የመጣ ሰው ይህን ደረጃ ባያስበው ይሻላል። ከሁሉ የከፋው ግን በቴሌግራም ፎቶ ልኮ «ሌላ ሰው ሊይዘው ነው፣ በቴሌብር ግማሹን ላኩ» የሚለው ደላላ ነው። ያው ፎቶ በሦስት ሰፈር ስም ይዞራል። ቤቱን ሳታዩ ሳንቲም አትላኩ፤ መምጣት ካልቻላችሁ በቪዲዮ ደውሉና ቧንቧውን ከፍቶ፣ በመስኮት የሚታየውን አሳይቶ፣ የብሎክ ቁጥሩን ያንብብላችሁ። እምቢ ካለ ቤት የለውም። አምስት ሆናችሁ አሥር ቀን የምትቆዩ፣ ወጥ የምትሠሩ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ተደምሮም ለነፍስ ወከፍ ከፔንሲዮን ሊወርድ ይችላል፤ የምግቡ ወጪ ነው ሂሳቡን የሚለውጠው።

ወር እና ከዚያ በላይ ለሚቆይ ሦስቱም አይሆኑም። መደበኛ ኪራይም አስቸጋሪ ነው፤ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚል ለአንድ ሁለት ወር የሚያከራይ ባለቤት ማግኘት ከባድ ነው። የሚያዋጣው ደባል መግባት ነው። ከመግባታችሁ በፊት ሦስት ነገር ቁረጡ፦ መብራትና ውሃ በሰው ነው ወይስ በክፍል የሚካፈለው፣ ባለቤቱ ሁለተኛ ሰው መግባቱን ያውቃል ወይ፣ ደላላ ካለ ኮሚሽኑን የሚከፍለው ማን ነው። ባለቤቱ የማያውቅ ከሆነ በገባችሁ በሳምንቱ ኪራዩ ይጨመራል፤ ጭማሪውን የሚከፍለው ደግሞ አዲስ የገባው ነው።