ማስጠንቀቂያ፦ “ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል” ለተባለ ላፕቶፕ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደህንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ አብቅቷል። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጥ ሰው “አታስቡ፣ 11 ተጭኖበታል” ቢላችሁ በዚህ ቃል ብቻ እንዳትገዙ። ዊንዶውስ 11 በማይደግፈው ማሽን ላይም ተገዶ ይጫናል፤ ይነሳል፤ ይሠራል። ጉድለቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ገንዘቡ ከእጃችሁ ወጥቷል። ማሽኑ ደህና ሆኖም ቢገኝ፣ አዲሱ ዊንዶውስ ያነሳቸውና ሳይጠይቅ የሚያደርጋቸው ነገሮች አሉ። ሁለቱንም በየተራ እንመልከት።

መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን እዩ። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11ን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2021 ሲያወጣ፣ ከጥቂት ልዩ ሞዴሎች በስተቀር፣ ከኢንቴል የተቀበለው ከ8ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያሉትን ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕ፣ ማሽኑ ሲነሳ ያልታወቀ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡትን፣ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይጠይቃል። ጄኔሬሽኑን ለማወቅ ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ግቡና ፕሮሰሰር ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር አንብቡ። አይ5-6300ዩ ከሆነ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 6 ነው፤ 6ኛ ጄኔሬሽን ማለት ነው። አይ5-8350ዩ 8ኛ ነው። ቁጥሩ በ1 የሚጀምር ከሆነ፣ ለምሳሌ አይ7-10510ዩ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አኃዞች ውሰዱ፤ 10ኛ ይሆናል። የኤኤምዲ ከሆነ በራይዘን 2000ዎቹ ውስጥ የተፈቀደም ያልተፈቀደም ስላለ፣ ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን ጽፋችሁ ማይክሮሶፍት ካወጣው ዝርዝር ጋር ማመሳከር ይሻላል።

ያገለገሉ ላፕቶፖችን ለምትገዙ በስም እንጥራቸው። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 6ኛ፣ ጂ4 ደግሞ 7ኛ ጄኔሬሽን ነው። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ460 6ኛ፣ ቲ470 6ኛ ወይም 7ኛ ነው። ዴል ላቲትዩድ 7480ም እንዲሁ። እነዚህ ጠንካራ ማሽኖች ናቸው፤ ግን የዊንዶውስ 11 ማሽኖች አይደሉም፤ በዚያ ዋጋ ሊሸጡላችሁ አይገባም። ኤሊትቡክ 840 ጂ5፣ ቲንክፓድ ቲ480 እና ላቲትዩድ 7490 በአብዛኛው 8ኛ ናቸው። “በአብዛኛው” ያልነው ከነዚህም ውስጥ በ7ኛ ጄኔሬሽን ተሠርተው የወጡ ስላሉ ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ያለውን ተለጣፊ ሳይሆን ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር እመኑ።

በማይደገፍ ማሽን ላይ 11 እንዴት ገባ ለሚል፣ ሩፈስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም የመጫኛ ፍላሽ ሲዘጋጅ የቲፒኤምና የሴኪዩር ቡት ፍተሻን ዝለል የሚል ምርጫ አለ። ዘዴው ለራሱ ማሽን ለሚያደርገው ሰው ምንም ክፋት የለውም። ክፋቱ ለገዢ ሳይነግሩ መሸጡ ነው። በየዓመቱ የሚወጣው አዲስ የዊንዶውስ እትም በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ በራሱ አይመጣም፤ ሆምና ፕሮ በሚባሉት የዊንዶውስ ዓይነቶች ላይ ደግሞ እያንዳንዱ እትም የሚደገፈው ለ24 ወራት ብቻ ነው። 23ኤች2 የተባለው እትም ኖቬምበር 11 ቀን 2025 አብቅቷል፤ 24ኤች2 ኦክቶበር 13 ቀን 2026፣ 25ኤች2 ደግሞ ኦክቶበር 12 ቀን 2027 ያበቃል። ጊዜው ሲያልፍ ወርሃዊው የደህንነት ማስተካከያ ይቆማል፤ እናንተም እንደገና ፍላሽ አዘጋጅታችሁ ወይም አስጭናችሁ ልትከፍሉ ነው። የትኛው እትም እንዳለ ለማየት የዊንዶውስ ቁልፍንና አር የሚለውን ፊደል አንድ ላይ ተጭናችሁ፣ በምትከፈተው ሳጥን ውስጥ “ዊንቨር” ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል (winver) ጻፉና ኢንተርን ተጫኑ።

ኮር 2 ዱዎ በተባለው የኢንቴል አሮጌ ፕሮሰሰር ላይ 11 ጭኖ የሚሸጥ ካጋጠማችሁ ጥላችሁት ሂዱ። ከ24ኤች2 ጀምሮ ዊንዶውስ እነዚያ ፕሮሰሰሮች የሌላቸውን ትእዛዞች ስለሚጠቀም፣ ማሽኑ በፍተሻ መዝለልም አይነሳም። ድጋፉ ባለቀው እትም ላይ እንደቆመ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የአካውንቱ ነገር ነው። ዊንዶውስ 11 ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት የግድ ይላል፤ በመጀመሪያ በሆም ብቻ ነበር፣ ከ22ኤች2 ጀምሮ ለግል አገልግሎት በሚዘጋጅ ፕሮም ላይ መጣ። የጫነው ሰው ከዚህ ለመገላገል በራሱ አካውንት ገብቶ ቢያስረክባችሁ ምን ይሆናል? ከ24ኤች2 ጀምሮ አዲስ ሲጫን ዲስኩ በራሱ ይቆለፋል፤ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን ይባላል። የመክፈቻው ቁልፍ 48 አኃዝ ሲሆን የሚቀመጠው በገባው ሰው አካውንት ውስጥ ነው። ከእናንተ ዘንድ የለም ማለት ነው። አንድ ቀን ባዮስ የሚባለው ማሽኑን የሚያስነሳው መሠረታዊ ፕሮግራም ሲታደስ፣ ቲፒኤሙ ሲጠፋ ወይም በጥገና ማዘርቦርዱ ሲቀየር፣ ሰማያዊ ገጽ መጥቶ ያንን 48 አኃዝ ይጠይቃል። ከሌለ የልጆች ፎቶም፣ የመመረቂያ ጽሑፍም፣ የድርጅት ሒሳብም አይወጣም። ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ማሽን ላይ መሰካት አያዋጣም፤ የተቆለፈው መረጃው ራሱ ነውና።

በተጨማሪ ዋንድራይቭ የተባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ የዴስክቶፕ፣ የዶክዩመንትና የፒክቸር ፎልደሮችን በራሱ ወደ ደመና መላክ ሊጀምር ይችላል። የሚልከው ደግሞ ወደገባው አካውንት ነው። የመታወቂያችሁ ቅጂ የማታውቁት ሰው ዘንድ ሊገባ ይችላል ማለታችን ነው፤ ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትለፉት።

ስለዚህ ላፕቶፑን እንደተረከባችሁ ሴቲንግስ ውስጥ አካውንትስ፣ ከዚያ ዩር ኢንፎ የሚለውን ክፈቱ። የሌላ ሰው ኢሜይል ካያችሁ ምንም ፋይል ሳታስገቡ ሲስተም፣ ሪከቨሪ፣ ሪሴት ዚስ ፒሲ ግቡና ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ በሚለው አጥፉት፤ ከዚያ በራሳችሁ አካውንት አስነሱት። ፋይል ካስገባችሁ በኋላ ከሆነ ያወቃችሁት፣ መጀመሪያ ፋይላችሁን ወደ ውጪ ዲስክ ገልብጡ። ቀጥሎ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽንን አጥፉ፤ ቁልፉ እስኪፈታ ድረስ እንደ ዲስኩ መጠን ጊዜ ይወስዳልና ቻርጀሩን አትንቀሉ። የሰውየውን አካውንት አስወግዱ፤ በራሳችሁ ገብታችሁ መልሳችሁ አብሩት። አዲሱ ቁልፍ አሁን የእናንተ ነው፤ ከአካውንታችሁ ላይ ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ከላፕቶፑ ተለይቶ በሚቀመጥ ቦታ አኑሩት።

ያለ አካውንት መጠቀም የሚፈልግ ሰው ፕሮ ላይ አንድ መንገድ አለው። ሲጫን ለሥራ ወይም ለትምህርት ቤት የሚለውን መርጦ፣ ሳይን ኢን ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ዶሜይን ጆይን ኢንስቴድ ካለ የኢሜይል ጥያቄ ሳይመጣ ስምና የይለፍ ቃል ብቻ ያስገባል። ሆም ላይ ግን ይህ የለም። በትእዛዝ የሚዘለሉ አሮጌ መንገዶችን ማይክሮሶፍት በ2025 ከሙከራ እትሞች ላይ አንድ በአንድ ሲያነሳ ስለቆየ፣ ከዓመት በፊት የተቀዳ የማሳያ ቪዲዮ ቢከሽፍባችሁ አትገረሙ።

ዋንድራይቭን በተመለከተ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ነጻው ቦታ 5 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ በቶሎ ይሞላና ክፈሉ ይላል። ሰው በንዴት ባክአፑን ሲያጠፋ ዴስክቶፑ ባዶ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል፤ ፋይሎቹ የጠፉ ይመስለዋል። አልጠፉም። ዋንድራይቭ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ባለው ሌላ “ዴስክቶፕ” ፎልደር ውስጥ ናቸው፤ ከዚያ ቆርጣችሁ መልሱ። ዌብሳይቱ ላይ ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ ከሰረዛችሁ ግን ከላፕቶፑም ይሰረዛል፤ መጀመሪያ ማመሳሰሉን አቁሙ።

አሁን ወደ ግዳጅ አፕዴት። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው። የአንድ እትም ሙሉ የመጫኛ ፋይል ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው፤ ወርሃዊዎቹም ትንሽ አይደሉም። ሆም ላይ አፕዴትን ለዘለቄታው ማጥፊያ ቁልፍ የለም። ፖዝ የሚለው እስከ 5 ሳምንት ያቆያል፤ ከዚያ የቆየው ሳይጫን እንደገና ማቆየት አይቻልም። የሚረዳው የኔትወርኩን ዓይነት መንገር ነው፦ ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ዋይፋይ፣ የተገናኛችሁበት ኔትወርክ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ሚተርድ ኮኔክሽንን፣ ማለትም “ዳታው በልክ የሚከፈልበት ነው” የሚለውን፣ አብሩ። አብዛኛው አፕዴት ከዚያ በኋላ ሳይጠየቅ አይወርድም። ይህ ምርጫ የሚሠራው ለዚያ ኔትወርክ ብቻ ነው፤ በሌላ ስልክ ሆትስፖት ስትገናኙ እንደገና ማብራት አለባችሁ። ብዙ ፓኬጅ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ስንል አፕዴት ይቅር ማለታችን አይደለም። ወርሃዊው የደህንነት ማስተካከያ ያስፈልጋል፤ በወር አንድ ቀን ያልተገደበ ዋይፋይ ባለበት ቦታ አውርዱት። የሚታለፈው “በወጣ ቅጽበት ላግኝ” የሚለው ማብሪያ ነው፤ ጠፍቶ ይቆይ። ፕሮ ያላችሁ ደግሞ ግሩፕ ፖሊሲ በሚባለው የማስተካከያ መሣሪያ ውስጥ የምትፈልጉትን እትም ቁጥር ጽፋችሁ፣ ድጋፉ እስኪያበቃ ድረስ እዚያው እንዲቆም ማድረግ ትችላላችሁ። ሆም ይህ የለውም። በሁለቱ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ለተጠቃሚው ይህ ነው፤ ሲሸጥ ግን ማንም አያወራውም።

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ዴስክቶፕ ላይ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ትልቁን የእትም ለውጥ አትጀምሩ። ማሽኑ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ይነሳል፤ መሃል ላይ ቢቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። የባዮስ ማደሻም በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ሊመጣ ይችላል፤ እሱ ሲጻፍ ኃይል ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ራሱ ሊሞት ይችላል። የአምራቹ አርማ ከታች ከሚሞላ መስመር ጋር ከታየ ቻርጀሩን አትንኩ። 64 ጊጋባይት ማከማቻ ብቻ ያላቸው ርካሽ አዳዲስ ላፕቶፖችንም አትግዙ። ቁጥሩ ዝቅተኛውን መስፈርት ያሟላል፤ ነገር ግን ዊንዶውስ ራሱና ለአፕዴት የሚይዘው ቦታ አብዛኛውን ስለሚወስዱት በጥቂት ወራት ውስጥ አፕዴቱ “ቦታ የለም” እያለ ይከሽፋል። ማከማቻው ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ መቀየርም አይቻልም።

ከ10 ወደ 11 ያለፈ ሰው ካልተመቸው በ10 ቀን ውስጥ ሲስተም፣ ሪከቨሪ፣ ጎ ባክ ብሎ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የድሮው ዊንዶውስ ይሰረዛል። በነዚህ 10 ቀናት ውስጥ ዲስክ የሚያጸዳ ፕሮግራም አታስነሱ፤ መመለሻውን ይዞባችሁ ይሄዳል።

የተነሱት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ሥራ የሚያስተጓጉሉትን ብቻ እንንገራችሁ። ዊንዶውስ 11 ሲወጣ ታስክባሩን፣ ማለትም ከስክሪኑ ግርጌ ያለውን የፕሮግራሞች መደዳ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ማዞር ተነሳ። ፋይል ጎትቶ ታስክባር ላይ መጣልም ተነስቶ በ2022 ተመለሰ፤ የተከፈቱ መስኮቶችን በየስማቸው ለይቶ ማሳየት የተመለሰው ደግሞ በ2023 ነው። ሰው የለመደውን ለ2 ዓመት ያህል ነስቶ መልሶ እንደ አዲስ ስጦታ ማቅረብ ተጠቃሚን ማክበር አይደለም። ቀኝ ክሊክ ሲደረግ ግማሹ ምርጫ ይደበቃል፤ ሺፍትን ይዛችሁ ቀኝ ክሊክ ብታደርጉ የድሮው ይወጣል። ዎርድፓድ በ24ኤች2 ጠፍቷል፤ በአርቲኤፍ የተቀመጠ ጽሑፍ ላለው ሊብሬ ኦፊስ በነጻ ይከፍትለታል። ሜይልና ካሌንደር በ2024 መጨረሻ ድጋፋቸው ቆሞ በአዲሱ አውትሉክ ተተክተዋል፤ እሱ በነጻ ለሚጠቀም ሰው ማስታወቂያ ያሳያል።

ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 11 የለም። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 10 ያለው ማሽን ፕሮግራሞቹን ይዞ ማለፍ አይችልም፤ ፎርማት የግድ ነው። ለ16 ቢት የተጻፉ በጣም የቆዩ ፕሮግራሞችም ጨርሶ አይነሱም። ሒሳባችሁን በቆየ ፒችትሪ የምትይዙ ድርጅቶች፣ መጀመሪያ የኩባንያውን ዳታ ባክአፕ አድርጋችሁ በሌላ ማሽን ላይ ሞክሩ፤ የግብር ሰሞን አትድፈሩት።

የአማርኛ ሰነድ ላለው ሰው ደግሞ ይህን እናስታውስ። ኒያላ የተባለው ፊደል አዲስ በተጫነ ዊንዶውስ ላይ አብሮ ላይመጣ ይችላል፤ ሰነዱ በኤብሪማ ስለሚታይ መስመሩና ገጹ ይዛባል። ሲስተም፣ ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ ኢትዮፒክ ሰፕሊመንታል ፎንትስ የሚለውን ጨምሩ፤ ወይም አማርኛን በቋንቋ ዝርዝር ውስጥ ስታስገቡ አብሮ ይመጣል። ዩኒኮድ ባልሆኑ ፊደላት የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ካሏችሁ፣ ፎርማት ከመደረጉ በፊት ፎንትስ የሚለውን ፎልደር ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ያ ፊደል ከሌለ ሰነዱ ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ነው።

ማሽናችሁ 6ኛ ወይም 7ኛ ከሆነና ዊንዶውስ 10 ላይ ከሆናችሁ ላፕቶፑን ለመጣል አትቸኩሉ። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች የተራዘመ የደህንነት ድጋፍ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026፣ ማለትም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. አዘጋጅቷል። የዊንዶውስ 10ው እትም 22ኤች2 መሆን አለበት፤ የማይክሮሶፍት አካውንትም ይጠይቃል። ሴቲንግስ ውስጥ አፕዴት ኤንድ ሴኪዩሪቲ ስትገቡ ኢንሮል ናው የሚል ከታያችሁ ሦስት መንገድ ይሰጣል፦ የማሽኑን ሴቲንግ ከአካውንቱ ጋር በማመሳሰል ያለ ክፍያ፣ በ1000 የማይክሮሶፍት ሪዋርድስ ነጥብ፣ ወይም በ30 ዶላር። የመጀመሪያው እያለ ሦስተኛውን አትክፈሉ፤ አንድ ሰው “አስመዘግብላችኋለሁ” ብሎ ገንዘብ ቢጠይቅም እንቢ በሉ። አንድ ምዝገባ እስከ 10 ማሽን ይሸፍናል። በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና ውስጥ የምትኖሩ ማመሳሰሉም አይጠየቃችሁም፤ ግን ቢያንስ በየ60 ቀኑ በአካውንታችሁ መግባት አለባችሁ፣ አለዚያ ይቋረጣል።