ደሴና ኮምቦልቻ ሳይክል ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ባለ ሁለት ሞላው ይቅርባችሁ

ሳይክል ለመግዛት ብር ያዘጋጃችሁ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። የማወራው ከፊትም ከመሀልም ሞላ ስላለው፣ ጎማው ወፍራምና ጥርሳም፣ ቀለሙ ከሩቅ ስለሚጣራው ሳይክል ነው። ሻጩ «ለሥራም ለሽርሽርም አንድ እሱ ይበቃሃል፣ አብሽር!» ይላችኋል። እንደኔ ግን ለሁለቱም አይሆንም።

የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ገዝቶት ነበር። ሐሳቡ በሥራ ቀን ኮምቦልቻ ውስጥ ሊመላለስበት፣ እሑድ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ሐይቅ ከተማ ድረስ ሊሄድበት ነው። ቤት ሲያመጣው ዞር ዞር ብዬ አየሁት። የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ፊቱ ወደ ኋላ ዞሮ ነው የተገጠመው። ከሹካው በስተኋላ መሆን የነበረበት የፍሬን መያዣ ከፊት ወጥቷል። ፋብሪካው እንዲህ አድርጎ አልላከውም፤ ካርቶኑን ከፍቶ የገጠመው ሰው ሥራ ነው። «አሉሙኒየም ነው» ተብሎም ነበር። ከአሮጌ ስፒከር የወጣች ማግኔት አስጠጋን፣ ፍሬሙ ላይ ልጥፍ አለች። ማግኔት ደግሞ አሉሙኒየም አይይዝም። «ሺማኖ» የሚል፣ የታወቀ የሳይክል ማርሽ አምራች ስም ያለበት ስቲከር አለው፣ ግን ስቲከሩ ያለው ፍሬሙ ላይ ነው። እውነተኛው ዕቃ ስሙና የሞዴል ቁጥሩ ራሱ ማርሽ ቀያሪው ላይ ተቀርጾ ይገኛል። እዚህ ባዶ ነው።

ሊመልሰው ቢሄድ ሻጩ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳየው፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»።

አሁን ወደ መንገዳችን እንምጣ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ የሐረጎ ዳገት ደግሞ እዚያ መሀል አለ። ሽቅብ ስትወጡ ፔዳል በረገጣችሁ ቁጥር የመሀሉ ሞላ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ጉልበታችሁ ጎማውን ከማዞር ይልቅ ሞላ ሲያርገበግብ ይውላል። ክብደቱም 17 እና 18 ኪሎ ይደርሳል። ቁልቁለቱ ግን ይብሳል። ሐረጎን ጭነት መኪኖች እንኳ በከባድ ማርሽ ነው የሚወርዱት። በዚህ ሳይክል ላይ ያለው ዲስክ ፍሬን በቀጭን ገመድ የሚሳብ ርካሽ ዓይነት ነው። ገመዱ ትንሽ ከላላ እጀታው መሪው ድረስ ይመጣል፣ ሳይክሉ ግን አይቆምም። ይሄ የምቾት ጉዳይ አይደለም።

ለሥራ መመላለሻስ? ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነች ሞላም 21 ማርሽም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ለክረምቱ ጭቃ ፓራፋንጎ፣ ለዕቃ የኋላ መጫኛ ነው። ባለ ሁለት ሞላው ላይ የኋላው ክፍል ስለሚንቀሳቀስ መጫኛ በደንብ የሚታሰርበት ቦታ የለውም። ጥርሳሙ ጎማም አስፋልት ላይ እየጮኸ ወደ ኋላ ይይዛችኋል።

ሞላ ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም። ጥሩው ባለ ሁለት ሞላ ቶሳ ተራራ ላይ በእግር መንገድ ለሚወርድ ሰው ነው፣ ዋጋውም ሌላ ዓለም ነው።

በተመሳሳይ ብር እኔ ብሆን ያገለገለ፣ ሞላ የሌለው ወይም ከፊት ብቻ ያለው ማውንቴን ሳይክል እፈልጋለሁ። ጥርሳሙን ጎማ አውጥቶ ለስላሳና ቀጠን ያለ ማስገባት ነው፤ ለሥራም ለሐይቅ ጉዞም ይሄዳል። የደሴ ሰው ከሆናችሁ ከኋላ ትልቅ የማርሽ ጥርስ ያለው ይሁን፤ ከፒያሳ ወደየሰፈሩ ዳገቱን ታውቁታላችሁ። መቼም ኮምቦልቻን ሳትለቁ የምትነዱ ከሆነ ተራው ሳይክል ከበቂ በላይ ነው። ያገለገለ ስትገዙ ግን አዲስ ቀለም ጠርጥሩ። በተለይ ብረቱ የተበየደበትን ቦታ በጣታችሁ ዳብሱ፤ ስንጥቅ በቀለም ይሸፈናል። ኮርቻውን ለቁመታችሁ ስታስተካክሉ የኮርቻው ብረት ላይ ያለው የመጨረሻ መስመር ብቅ ካለ ደግሞ ፍሬሙ ለእናንተ አንሷል፣ ተዉት።

ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አያስፈራችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። የአክስቴ ልጅ ግን ደረሰኝ አልተቀበለም፤ ሻጩም «ከኔ ነው የገዛኸው?» አለው፣ ነገሩ እዚያው ቀረ። ስለዚህ ደረሰኝ ተቀበሉ። የፍሬሙንም ቁጥር አስጽፉበት፤ ብዙ ጊዜ ፔዳሉ ከሚዞርበት ሥር ተቀርጾ ይገኛል፣ ሳይክሉን ገልብጣችሁ እዩ። ቁጥሩ ተፍቆ ካገኛችሁት ብራችሁን ሳታወጡ ውጡ።