ናሽናል ትረስት ወይስ ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ? ብሪታንያ ላለ ቤተሰብ የሚያዋጣው የቱ ነው

ፋሲካ አልፎ ቀኑ መርዘም ሲጀምር ብሪታንያ ባሉ ሐበሾች ዘንድ አንድ ጥያቄ ይመላለሳል፦ «ልጆቹን ይዘን ጥንታዊ ቦታ ማየት እንፈልጋለን፤ የቱን ሜምበርሺፕ እንግዛ?» ናሽናል ትረስትና ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ጥንታዊ ቦታዎችን የሚጠብቁ ድርጅቶች ናቸው፤ ሜምበርሺፕ (አባልነት) የገዛ ሰው ዓመቱን ሙሉ ቦታዎቻቸውን ያለ ትኬት ይጎበኛል። መልሱን ከፊት እናስቀምጠው። ልጆች ላሉት ቤተሰብ፣ በተለይ ልጆቿን ብቻዋን ይዛ ለምትወጣ እናት፣ ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ይሻላል። ናሽናል ትረስት የሚያዋጣው መኪና ላለው፣ የአበባ ቦታ፣ ጫካና ባሕር ዳር ለሚወድ ነው። በዓመት ከአንድ ቀን በላይ ለማይወጣ ሰው ግን ሁለቱም ገንዘብ ማባከን ነው።

ስማቸው ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው አንዱን ገዝቶ የሌላኛው በር ላይ ይቆማል። ናሽናል ትረስት በ1895 የተቋቋመ ነው። በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ከ500 በላይ ቦታዎች አሉት፤ አብዛኞቹ የመኳንንት መኖሪያዎች፣ የአትክልት ቦታዎችና የባሕር ዳርቻዎች ናቸው። ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ የሚሠራው እንግሊዝ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከ400 በላይ ምሽጎች፣ ፍርስራሽ ገዳማትና የሮማውያን ቅሪቶች ያስተዳድራል። ልብ በሉ፦ ከእነዚህ ከ250 በላይ የሚሆኑት ለማንም ሰው ነጻ ናቸው። ለንደን ውስጥ ያለው ኬንውድ ሃውስ እንኳ ያለ ትኬት ይገባል። ስለዚህ ካርዱ የሚያስገኘው ጥቅም የሚሰላው ክፍያ ባለባቸው ቦታዎች ብቻ ነው፤ «400 ቦታ» የሚለውን ቁጥር አይታችሁ አትክፈሉ።

ወደ ዋጋው እንምጣ። የናሽናል ትረስት የአንድ አዋቂ ዓመታዊ ክፍያ በ2024 91.20 ፓውንድ ነበር። የኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ከዚያ ዝቅ ይላል። ዋናው ልዩነት ግን ልጆቹ ላይ ነው። በኢንግሊሽ ሄሪቴጅ አንድ አዋቂ አባል ከ18 ዓመት በታች የሆኑ የቤተሰቡን ልጆች እስከ 6 ድረስ ያለ ምንም ክፍያ ይዞ ይገባል፤ ለዚህ የተለየ ነገር መግዛት አያስፈልግም። ናሽናል ትረስት ላይ የግለሰብ አባልነት የሚያስገባው ባለካርዱን ብቻ ነው። ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ ላሉት ግን «የቤተሰብ» የሚባለውን፣ ዋጋው ከፍ ያለውን መግዛት ወይም ለየብቻ መክፈል ግድ ይላል። አንድ ወላጅ ብቻ ላለበት ቤት የተለየ የቤተሰብ አባልነት ስላለ፣ ናሽናል ትረስትን የመረጠች እናት የሁለት አዋቂዎችን እንዳትገዛ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያደርገው ሂሳብ አለ። አባትና እናት ሁለቱም ዘወትር አብረው የማይወጡ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንዳቸው ቅዳሜና እሁድ የሚሠሩ ከሆነ፣ የሁለት ሰው አባልነት አትግዙ። የአንድ አዋቂ ብቻ ገዝታችሁ ልጆቹን በዚያ አስገቡ፤ ሌላኛው የመጣ ዕለት የራሱን የቀን ትኬት ይቁረጥ። በአንድ ሰውና በሁለት ሰው አባልነት መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ለአንድ አዋቂ የቀን ትኬት አካፍሉት፤ የሚወጣው ቁጥር ያ ሰው በዓመት ስንት ጊዜ መምጣት እንዳለበት ይነግራችኋል። ስቶንሄንጅ የሚባለውን ጥንታዊ የድንጋይ ክብና የዶቨር ምሽግን የመሳሰሉት ትልልቅ ቦታዎች ለአንድ አዋቂ ከ20 ፓውንድ በላይ፣ የቤተሰብ ትኬታቸውም ከ50 ፓውንድ በላይ ስለሆነ፣ ልጆች ላሉት ቤት የአንድ አዋቂ አባልነት በሁለተኛው ጉብኝት ወጪውን ይሸፍናል።

ስቶንሄንጅ የራሱ ጣጣ አለው። ቦታውን የሚያስተዳድረው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ቢሆንም በዙሪያው ያለው መሬት የናሽናል ትረስት ስለሆነ፣ የናሽናል ትረስት አባልም በነጻ ይገባል። የአንዱ ካርድ ያለው ሰው ለስቶንሄንጅ ብሎ ሌላውን መጨመር የለበትም። መኪና የሌለው ሰው ከሶልስበሪ ባቡር ጣቢያ የሚነሳውን የጉብኝት አውቶቡስ መያዝ ይኖርበታል፤ የአውቶቡሱ ሂሳብ ለብቻው ነው። ደግሞም ድንጋዮቹን የምታዩት በገመድ ታግዳችሁ ከሩቅ ነው፤ ልጆች የሚሰላቹትም ለዚህ ነው። ወደ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የኤቭበሪ የድንጋይ ክብ ከእሱ የሰፋ ነው፤ መግቢያው ነጻ ነው፤ ልጆቹ በድንጋዮቹ መካከል እየሮጡ ሊነኳቸውም ይችላሉ። በመኪና ለሚሄድ ቤተሰብ ኤቭበሪን ማስቀደም ይሻላል።

ፓርኪንግ ላይ ናሽናል ትረስት በግልጽ ያሸንፋል። ባሕር ዳርና ገጠር ያሉት አብዛኞቹ የመኪና ማቆሚያዎቹ ለአባል ነጻ ናቸው። በየሳምንቱ እግር ለማፍታታት የሚወጣ ሰው የዓመቱን ክፍያ በፓርኪንግ ብቻ ያወጣዋል። ካርዱን ማሽኑ ላይ ማስነካትን ወይም ተለጣፊውን መስታወት ላይ ማድረግን ግን አትርሱ፤ አባል ሆኖ ሳለ ቅጣት የሚመጣበት ሰው ያጠፋው ይህንን ብቻ ነው። በኢንግሊሽ ሄሪቴጅ በኩል አንዳንዱ ማቆሚያ የሌላ አካል ነው። በሰሜን እንግሊዝ ሮማውያን በሠሩት የሐድሪያን ግንብ ላይ ያለው ሃውስቴድስ የሚባለው ምሽግ የሁለቱንም አባላት በነጻ ያስገባል፤ ፓርኪንጉ ግን የብሔራዊ ፓርኩ ስለሆነ ሁሉም ይከፍላል። በበጋ ከሆነ ኤዲ122 የሚባለው አውቶቡስ በግንቡ አጠገብ ስለሚያልፍ መኪና ባይኖርም ይደረሳል። የዊትቢ ገዳም ማቆሚያም የአካባቢው አስተዳደር ነው፤ ሳንቲም ይዛችሁ ሂዱ።

ለእኛ ሰው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅን የሚያስመርጥ ሌላም ምክንያት አለ፤ ኦስቦርን ሃውስ። በዋይት ደሴት ያለው ይህ የንግሥት ቪክቶሪያ ቤተ መንግሥት፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1868 ከመቅደላ መጥቶ ከንግሥቲቱ ጋር የተገናኘበት ቦታ ነው። ልጆች ይህን ታሪክ በቦታው ቆመው ሲሰሙት ከመጽሐፍ እንደሚያነቡት አይሆንላቸውም። መግቢያው በአባልነቱ ውስጥ አለ፤ ኪስ የሚጎዳው መርከቡ ነው። መኪናውን ሳውዝሃምፕተን ትታችሁ በእግረኛ ትኬት ወደ ኢስት ካውስ ተሻገሩ፤ መኪና ከማሻገር ጋር ሲነጻጸር ወጪው በብዙ ይቀንሳል። ከወደቡ ቤተ መንግሥቱ ቅርብ ነው፤ ዳገቱ ሕፃን ላዘለ ሰው ስለሚከብድ ግን አውቶቡስ ያዙ።

ዓለማየሁ በ1879 በ18 ዓመቱ አርፎ የተቀበረው ዊንድሰር ቤተ መንግሥት፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። ይህን ግን ሁለቱም ካርዶች አይሸፍኑትም። ቤተ መንግሥቱ ማክሰኞና ረቡዕ ዝግ ነው፤ ጸሎት ቤቱም እሁድ ለጎብኚ አይከፈትም። ስለዚህ የመታሰቢያ ጽሑፉን ለማየት የሚሄድ ሰው ሰኞ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ይሂድ። እሁድን መርጠው ከ30 ፓውንድ ያላነሰ ከፍለው፣ የመጡበት በር ተዘግቶ የሚያገኙ ጥቂት አይደሉም። ትኬቱን በቀጥታ ከቤተ መንግሥቱ የትኬት ክፍል ከገዛችሁ ለአንድ ዓመት በነጻ ተመልሶ የሚያስገባ ማድረግ ይቻላል፤ ከመውጣታችሁ በፊት ሠራተኞቹን ጠይቁ። ከሌላ ሻጭ የተገዛ ትኬት ይህ መብት የለውም።

የለንደን ግንብም ከሁለቱ ውጭ ነው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ የሚቀበል ቤተሰብ ግን በ1 ፓውንድ ትኬት ሊገባ ይችላል፤ ቀድሞ በኢንተርኔት መያዝና ማስረጃውን በር ላይ ማሳየት ያስፈልጋል። ብዙ የሚገባው ሰው ይህን ሳያውቅ ሙሉውን ይከፍላል፤ እባካችሁ ለምታውቁት ሁሉ ንገሩ። የኤድንብራ ግንብና ብዙዎቹ የዌልስ ትልልቅ ምሽጎችም የናሽናል ትረስት አይደሉም። የኢንግሊሽ ሄሪቴጅ አባል በመጀመሪያው ዓመት እዚያ በግማሽ ዋጋ፣ ካደሰ በኋላ በነጻ ይገባል።

አሁን ገንዘብ የሚጠፋባቸውን ነገሮች እንይ። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ከላይ በማስታወቂያ የሚመጡት ብዙዎቹ አትራፊ ሻጮች ናቸው፤ ሁልጊዜ ወደ ድርጅቱ የራሱ ገጽ ሂዱ። ያገለገለ የአባልነት ካርድ «ስድስት ወር ይቀረዋል» ተብሎ ሲሸጥ አትግዙ። ካርዱ ስም አለው፤ አይተላለፍም፤ በር ላይ መታወቂያ ከተጠየቃችሁ ከነልጆቻችሁ ትመለሳላችሁ። ትኬት ስትቆርጡ መጀመሪያ የሚታያችሁ ዋጋ 10 በመቶ ያህል የፈቃድ ስጦታ ሊኖርበት ይችላል፤ «ያለ ዶኔሽን» በሉ፣ ማንም ቅር አይለውም። የቀን ትኬት ከቆረጣችሁ በኋላ በዚያው ዕለት እዚያው አባል ለመሆን ከወሰናችሁ የከፈላችሁት ይመለሳል፤ ደረሰኙን አትጣሉ። በየወሩ በዳይሬክት ዴቢት (ከባንክ በራሱ በሚቆረጥ ክፍያ) መክፈልም በወር የሚቋረጥ ውል ማለት አይደለም፤ የዓመት ግዴታ ነው። ዓመቱ ሲያልቅም በአዲሱ ዋጋ በራሱ ይታደሳል። የማትቀጥሉ ከሆነ ከማደሻው ቀን በፊት ለድርጅቱ አሳውቁ፤ ባንክ ላይ ብቻ መዝጋት አይበቃም።

የቴስኮ ሱፐርማርኬት የነጥብ ካርድ (ክለብካርድ) ያለው ቤት ነጥቡን ለኢንግሊሽ ሄሪቴጅ አባልነት ቢቀይረው ዋጋው እጥፍ ይቆጠርለታል። ወላጆች ከአገር ቤት ለጥየቃ ሲመጡ ደግሞ የዓመቱን አትግዙላቸው፤ በውጭ አገር ለሚኖር እንግዳ የኢንግሊሽ ሄሪቴጅ የ9 ወይም የ16 ቀን ማለፊያ አለ። በባቡር ለሚሄድ ቤተሰብ 35 ፓውንድ የሚያወጣው የቤተሰብና የጓደኛ ሬይልካርድ ከአዋቂው አንድ ሦስተኛ፣ ከልጁ 60 በመቶ ይቀንሳል። ያለ እሱ የባቡሩ ሂሳብ ከመግቢያው ይበልጣል።

የትኛው እንደሚስማማችሁ ገና ካልወሰናችሁ እስከ መስከረም ጠብቁ። ከእንቁጣጣሽ ሰሞን ጀምሮ ሄሪቴጅ ኦፕን ዴይስ የሚባለው ዓመታዊ በዓል በመላው እንግሊዝ ይከበራል። በእነዚያ ቀናት በሌላ ጊዜ የሚያስከፍሉና የማይከፈቱ ብዙ ቦታዎች በነጻ ይከፈታሉ፤ ጥሩ ጥሩዎቹ በምዝገባ ስለሆኑና ቶሎ ስለሚሞሉ ዝርዝሩን በነሐሴ ማየት ጀምሩ። አንድ ምሽግና አንድ የመኳንንት ቤት አሳዩአቸው፤ ልጆቹ የትኛው ጋ «ከዚህ አንሄድም» እንዳሉ አይታችሁ ካርዱን ግዙ።