ትልቅ እምብርት ያለው የዝንብ ማጥመጃ ሪል ከወራት አገልግሎት በኋላ

የዝንብ ማጥመጃ ሪል (ዝንብ በሚመስል ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ዓሣ ሲጠመድ ዘንጉ ላይ የሚታሰር የክር መጠቅለያ) ሲሸጥ መጀመሪያ የሚነገረው ፍሬኑ፣ ማለትም ዓሣው ክሩን ሲስብ የሚይዘው ክፍል፣ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ነው። ትራውት የተባለውን ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ይህ ቁጥር እምብዛም አይጠቅምም። 5ኤክስ የሚባለው 0.15 ሚሊ ሜትር የጫፍ ክር (መንጠቆው የሚታሰርበት ቀጭን ክር) 2 ኪሎ ገደማ ላይ ይበጠሳል፤ ፍሬኑ የሚስተካከለው ደግሞ በዚያ ሩብ፣ በ500 ግራም አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጉልበት ሳይነካ ይቀመጣል። ዋናው ጉዳይ ፍሬኑ ከቆመበት ሲነሳ የሚያሳየው ጠባይ ነው።

እዚህ የሚገመገመው ለ5 እና ለ6 ቁጥር ክር (ቁጥሩ የዋናውን ክር ክብደት ያሳያል) የሚሆን፣ ከድፍን አሉሚኒየም በቶርኖ የተሠራ፣ 150 ግራም ገደማ የሚመዝን ሪል ነው። ፍሬኑ የካርቦንና የማይዝግ ብረት ሮንዴላዎች ተደራርበው በኦሪንግ የታሸጉበት ነው። የፍሬኑን አነሳስ ለመፈተሽ የክሩን ጫፍ በመንጠቆ ሚዛን ላይ አስሮ በቀስታ መሳብ ይበቃል፦ ስፑሉ (ክሩ የሚጠቀለልበት ተሽከርካሪ ክፍል) መዞር ሲጀምር ሚዛኑ ያሳየውን ከዚያ በኋላ ከሚያሳየው ጋር ማነጻጸር ነው። መነሻው በጣም ከበለጠ ዓሣው ገና ሲፈተለክ የጫፉ ክር ይበጠሳል። በዚህ ሪል ላይ ልዩነቱ አዲስ እያለ በቀላሉ አይታይም ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ገንዘቡ የወጣው ለዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ጥቅም ከእምብርቱ፣ ማለትም ክሩ ከሚጠቀለልበት የስፑሉ መሃል፣ ስፋት ይመጣል። ፍሬኑ የሚይዘው ስፑሉን ነው፤ ስለዚህ ክሩ ወጥቶ ጥቅሉ ሲያንስ፣ ማስተካከያው ሳይነካ ክሩ ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። የጥቅሉ ሬዲየስ 4 ሴንቲ ሜትር ሳለ በ500 ግራም የተስተካከለ ፍሬን ጥቅሉ ወደ 3 ሲወርድ 670 ግራም ገደማ ይሆናል። እምብርቱ ቀጭን የሆነ ሪል ላይ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ከወረደ አንድ ኪሎ ይሞላል። ክር ለመሰብሰብም ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል፦ በ3.5 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ አንድ ዙር 22 ሴንቲ ሜትር ያስገባል፣ በ2 ግን 12 ተኩል ብቻ። በሰፊ እምብርት ላይ የቆየ ክር ሲወጣም እንደ ምንጭ አይጠቀለልም።

አብዛኛው ችግር ግን የሚመነጨው ከሪሉ ሳይሆን ከአጠቃለሉ ነው። ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው የባኪንግ (ከዋናው ክር ሥር የሚጠቀለለው ማራዘሚያ ክር) መጠን ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ የተለጠጠ ነው። አስተማማኙ ዘዴ በግልባጭ መሙላት ነው። መጀመሪያ 27 ሜትሩ ዋና ክር ይገባል፤ በላዩ ላይ ጥቅሉ ከስፑሉ ጠርዝ 4 ሚሊ ሜትር እስኪቀረው ድረስ ባለ 20 ፓውንድ ዳክሮን ባኪንግ ይጠቀለላል፤ እዚያ ይቆረጣል። ከዚያ ሁሉም ይፈታና ባኪንጉ እምብርቱ ላይ ታስሮ ከሥር እንዲሆን እንደገና ይገባል። ባኪንጉ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ እያለፈ፣ ጠበቅ ተደርጎ፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሰራጨት አለበት። ከላላ ጠንካራ ዓሣ ሲስበው የላይኛው ዙር በታችኞቹ መሃል ይሰምጥና ይቆለፋል። በዚያች ቅጽበት የጫፉ ክር ይበጠሳል፤ ስሙ የሚጠፋው ግን የፍሬኑ ነው።

ከአገልግሎት በኋላ የታዩ እንከኖችም አሉ። የእጀታዋ ቪቴ ላልታለች፤ ጥርሷ ላይ አንድ ጠብታ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የቪቴ ማጣበቂያ ተደርጎ ሲጠብቅ ዳግም አልተነቃነቀችም። ፍሬኑ ዜሮ ላይ ሲሆን ክር በእጅ ሲሳብ ስፑሉ በራሱ ኃይል ያልፍና ክሩ ይተበተባል፤ በትንሹ ሁለት ጠቅታ ማጥበቅ ግድ ነው። አሸዋ በስፑሉና በአቃፊው (ስፑሉን በሚይዘው የሪሉ አካል) መሃል ሲገባ የሚያፋጭ ድምፅ ይሰማል። ያኔ እያዞሩ መቀጠል ቀለሙን ይልጠዋል፤ ስፑሉን ነቅሎ ሁለቱንም ማለቅለቅ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። በብርዱ ጠዋት ስፑሉ ፍሬኑ ሳይዘው ትንሽ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞረው ኩሽኔታ ላይ ግራሶ በዝቷል ማለት ነው። ትርፉን መጥረግና ስስ ዘይት መተካት ይበቃል።

ይኸው ኩሽኔታ ነው ሪሉን ከቀኝ ወደ ግራ እጅ ለመቀየር ተነቅሎ የሚገለበጠው። ከተገለበጠ በኋላ ክር ሲገባ ስፑሉ ነፃ፣ ሲወጣ ግን የተያዘ መሆኑን በእጅ ሳያረጋግጡ ክር መሙላት ድካም ነው።

እጥበቱ ቀላል ነው፦ ቀስ ብሎ የሚፈስ ንጹህ ውኃ፣ በተለይ ከጨው ውኃ በኋላ። በኃይል የሚረጭ ቧንቧ ውኃውን ኦሪንጉን አሳልፎ ፍሬኑ ውስጥ ስለሚከተው መቅረት አለበት። ሲቀመጥ ፍሬኑ ይላላል፤ ለቡሽ ፍሬን ይህ ግዴታ ነው፣ ካርቦኑንም አይጎዳውም።

ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ርካሽ ሪል ለጀማሪ አይከፋም፤ ትናንሽ ዓሣዎች ላይ ልዩነቱ ብዙም አይሰማም። ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ግን ይሰነጠቃል። በቶርኖ የተሠራው በአብዛኛው ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም፤ ሆኖም አቃፊው በትንሹም ቢጎብጥ ስፑሉ መታከክ ይጀምራል፣ ስለዚህ ከወደቀ በኋላ አዙሮ ማየት ይገባል። ሁለት ዓይነት ክር ለመጠቀም ያሰበ ሰው ትርፍ ስፑሉን ከሪሉ ጋር አብሮ ይግዛ፤ የአንዱ ሞዴል ስፑል በሌላው ላይ አይገጥምም፣ ሞዴሉ መመረት ካቆመ ደግሞ ማግኘት ይቸግራል።