ጀጎል ለሚሠሩ አንድ አንጥረኛ ምስጋና፣ የብር ጌጥ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ከእናት ከአያት የወረሳችሁት የብር ጌጥ ሳጥን ውስጥ ለጠቆረባችሁ የሐረር ሰዎች ይህን እጽፋለሁ። ከሸዋ በር ገባ ብሎ የሚሠሩ አንድ አረጋዊ አንጥረኛ የእናቴን አምባሮች እንደ ጥንቱ አብርተው መልሰውልኛልና ከልብ አመሰግናቸዋለሁ።

አንደኛውን አምባር ከዓመታት በፊት ሌላ ባለሙያ በዱቄት ፈግፍጎት ነበር። አበራ፤ ነገር ግን እንደ ክር የቀጠነው ጌጡ ሳሳ። እኚህ አባት ገና ሲያዩት «ልጄ፣ ይህ አይፋቅም፤ ጥቁሩም ብር ነው» አሉኝ።

ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ንግግራቸው ልክ ነው። አየር ውስጥ ያለ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ድኝ ያለበት ጋዝ ጌጡን ሲያገኘው የብር አቶሞች እያንዳንዳቸው አንድ ኤሌክትሮን ያጣሉ፤ ከድኝ ጋር ተጣምረውም ጥቁር ሲልቨር ሰልፋይድ ይሆናሉ። ጥቁሩን ፈግፍጎ የሚጥል ሰው ብሩንም አብሮ ይጥላል።

እሳቸው ኤሌክትሮኑን ይመልሱለታል። ሳህን ላይ አሉሚኒየም ፎይል አንጥፈው ጌጡን ያስቀምጡበትና ቤኪንግ ሶዳና ጨው የሟሟበት የፈላ ውኃ ያፈሱበታል። አሉሚኒየም ኤሌክትሮን ለመስጠት ከብር ይልቅ እጅግ ፈጣን ነው፤ አንዱ አቶም 3 ኤሌክትሮን ሲሰጥ 3 የብር አዮኖች (ኤሌክትሮን ያጡት የብር አቶሞች) አንድ አንድ ይቀበሉና እዚያው ጌጡ ላይ መልሰው ብር ይሆናሉ። ኤሌክትሮን መስጠቱ ኦክሲዴሽን፣ መቀበሉ ሪዳክሽን ይባላል፤ ሁለቱም በአንድ ሳህን። ጌጡ ፎይሉን መንካት አለበት፤ ካልነካ ኤሌክትሮኑ መሻገሪያ የለውም። ድኙ ሲለቀቅ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ስለዚህ መስኮታቸው ሁልጊዜ ክፍት ነው።

ታማኝነታቸውን ደግሞ ልመስክር። ጌጡን ከመሥራታቸው በፊትም በኋላም ፊቴ መዘኑት። ዛጎልና ሙጫ ያለበትን ጌጥ ውኃው ውስጥ አይከቱም፤ ክሩን ፈትተው ብሩን ብቻ ለይተው ይሠራሉ። በቅርጹ ጎድጓዳ ላይ ሆን ተብሎ የተተወ ጥቁር ካለም ይጠይቃሉ፤ ይህ ዘዴ እሱንም ስለሚያነጣው ለእንዲህ ዓይነቱ ጌጥ ለስላሳ ጨርቅ ይመርጣሉ።

የቆዩ ጌጦቻችን ብዙዎቹ 1780 የሚል ዓመት ከተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ብር ቀልጠው የተሠሩ ናቸው። ያ ገንዘብ ከሺህ እጅ 833 ያህሉ ብር፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። እንዲህ ያለ ቅርስ ለማያውቀው እጅ አይሰጥም።

ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም። ጌጥ ያላችሁ በግል ጻፉልኝ፤ ሱቃቸውን አሳያችኋለሁ።