ፕሪንተሬን ከሞት ላስነሳልኝ የኮተቤው ልጅ

ይህን የምፅፈው ማታ 4 ሰዓት ላይ ነው። አጠገቤ ፕሪንተሬ የጎረቤት ልጅ የሂሳብ ወርክሺት እያወጣ ነው። ጭርር ጭርር ሲል ልጄ “እማዬ፣ እንቅልፍ ከለከለን” ትላለች። እኔ ግን ድምፁን ስሰማ ደስታዬ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ይሄው ማሽን ኮሪደር ላይ በፌስታል ተጠቅልሎ ቆራሌው እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር።

ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የምሰራበት ቦታ ሰው ሲቀንስ እኔም ተቀነስኩ። እቁብ ሲደርሰኝ ስሪ ኢን ዋን ፕሪንተር ገዛሁ፤ ያትማል፣ ስካን ያደርጋል፣ ኮፒ ያደርጋል፣ ቀለሙ ከጎን በጠርሙስ የሚሞላው ዓይነት። ሳሎኔ ጥግ ላይ ተከልኩት። መታወቂያ ኮፒ የሚፈልግ፣ ሲቪ የሚያስተይብ፣ የእድር ደብዳቤ የሚያስወጣ፣ የብሎካችን ሰው ሁሉ እኔው ጋ ነው። ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ግን የልጄ ታክሲና ደብተር፣ የቤታችን ዘይትና ሽንኩርት ከዚያ ነው የሚወጣው።

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስራውም አብሮ ተዘጋ። ፕሪንተሩን አሮጌ ነጠላ አልብሼው ተውኩት። መስከረም ሲጠባ ሳበራው የሚያወጣው ወረቀት ሁሉ መስመር መስመር ሆነ። ሰማያዊው ቀለም ጭራሽ የለም። አንድ የማውቀው ሰው “ክሊኒንግ አድርጊው” አለኝ፤ ማሽኑ ራሱን እንዲያፀዳ ማዘዝ ማለት ነው። አደረግኩ። ትንሽ ተሻለው። ደገምኩ፣ ሰለስኩ። በአንድ ቀን ስምንት ጊዜ ሳላደርገው አልቀረሁም። በመጨረሻ ሁለት ቀይ መብራቶች ተራ በተራ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ፤ ማሽኑም እምቢ አለ። ኮምፒውተሩ ላይ “የውስጥ እቃው እድሜ አልቋል” የሚል ነገር በእንግሊዝኛ ወጣ። ደነገጥኩ። ገና ሁለት ዓመቱ ነው!

የመጀመሪያው የወሰድኩበት ቤት ስሙ ይቅርብኝ። ትልቅ ህንፃ ላይ ነው፣ መስታወቱ ያብለጨልጫል። “ነገ ነይ” አሉኝ። ነገ ሄድኩ፤ ባለሙያው አልገባም። ከነገ ወዲያ ሄድኩ፤ ባለሙያው ገብቶ ወጥቷል። እንዲህ እያሉ 11 ቀን አመላለሱኝ። በ11ኛው ቀን “ቦርዱ ተቃጥሏል፣ 9,500 ብር ነው” አሉኝ፤ ፊቴን እንኳ ቀና ብለው አላዩትም። የለኝም፣ ማሽኔን መልሱልኝ አልኩ። ሲመልሱልኝ የመብራት ገመዱ የለም። “ስታመጪው አልነበረውም” አሉኝ። በእጄ ጠቅልዬ ያስረከብኩትን! ማሽኑን ደግሞ አጋድመው አስቀምጠውት ኖሮ ከስሩ ቀለም ይንጠባጠባል። ቀሚሴን አበላሽቶ ቤት ገባሁ።

ሁለተኛው ባለሙያ ቤት ድረስ የሚመጣ ነው። ለመምጣት ብቻ 800 ብር። የራሱን ገመድ ሰክቶ አበራው፣ ከፈተው፣ ስልክ አወራ፣ ምንጣፌ ላይ ጥቁር ቀለም ደፋ፣ ደግሞ ስልክ አወራ። “ሄዱ ሞቷል፣ አትልፊ” አለኝ፤ ሄድ የሚሉት ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚረጨውን ክፍል ነው። ወጥቶ በር ላይ ከደረሰ በኋላ ዞር ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “ካልፈለግሽው ለስፔር በ2,000 ብር ልውሰድልሽ።” ለሞተ ማሽን 2,000 ብር! ተስፋ ቆርጬ ስለነበር ልሰጠው ነበር እኮ። እጄን የያዘችኝ ልጄ ናት። ምንጣፉ ላይ ያለው ቀለም እስካሁን አልለቀቀም፤ ሶፋውን አስጠግቼ ሸፍኜዋለሁ።

አራተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ናት “ኮተቤ አንድ ልጅ አለ” ያለችኝ። እውነቱን ለመናገር አላመንኩም። ከሰሚት መገናኛ፣ ከመገናኛ ኮተቤ፣ ማሽኑን ታቅፌ በሁለት ታክሲ ሄድኩ። ሱቁን ሳየው ደግሞ ጭራሽ ልመለስ አልኩ። በሻይ ቤትና በልብስ ሰፊ መሃል የተሰካች ቆርቆሮ ቤት ናት፣ ሦስት ሰው አትይዝም።

ልጁ ከ25 ዓመት አይበልጥም። “እስቲ እንስማው እናቴ” አለኝ። (እናቴ ማለቱን ይቅር ብዬዋለሁ፣ 43 ዓመቴ ነው።) ምንም ሳይፈታ አበራውና ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። መብራቶቹን አየ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

“ክረምቱን ሳትሰሪበት ከርመሽ፣ ከዚያ ክሊኒንግ ደጋገምሽበት?”

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። የጠየቀኝም አልነበረም። “ቦርዱ ተቃጥሏል ተብዬ ነው” ስለው ሳቀ፤ “ቦርዱ ቢቃጠል እንዲህ ብልጭ ድርግም መች ይልልሽ ነበር? ዳይፐሩ ነው የሞላው።”

ዳይፐር! ለካ ማሽኑ ራሱን ባፀዳ ቁጥር የሚያፈሰውን ቀለም የሚጠጣ ስፖንጅ ከውስጥ አለው። ስንት ጊዜ እንዳፈሰሰም ይቆጥራል። ሞላ ብሎ ሲያስብ ስራ ያቆማል። እኔ በደጋገምኩት ቁጥር ዳይፐሩን እየሞላሁ ነበር ማለት ነው። የገባኝ ይሄን ያህል ነው፤ ከዚያ ላፕቶፑን ሰክቶ ምን ምን እንደነካካ አትጠይቁኝ።

ስፖንጁን አውጥቶ ጓሮ ወሰደው። ውሃ ስላልነበረ ከቢጫ ጀሪካን በጣሳ እየቀዳ አጠበው። መጀመሪያ ጥቁር ወረደ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ መሰለ፣ በኋላ ሰማያዊ እየሆነ ሄደ። ንፁህ ውሃ እስኪወርድ አልተወውም። ሊያሰጣው ሲል ጎረቤቱ ያለችው ሴትዮ ለመስቀል በርበሬ አስጥታ ኖሮ “ያንን መርዝ ከበርበሬዬ አርቅልኝ!” ብላ ጮኸችበት። ይቅርታ ጠይቆ ራቅ አድርጎ ቆርቆሮ ላይ ዘረጋው።

እዚህ ጋ ነው እናቴ ትዝ ያለችኝ። እናቴ የመንግስት መስሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፣ በአማርኛው ኦሊቬቲ የፅህፈት መኪና። ቀለም የ“መ”ን፣ የ“ወ”ን፣ የ“ዐ”ን ቀዳዳ ሲደፍነው አንድ በአንድ በመርፌ ትጠርግ ነበር። የሚያስቸኩላት ሰው ቢቆም እንኳ “ዐይን የሌለው ፊደል አላወጣም” ትለዋለች። እንደሷ በእቃ ላይ የሚጠነቀቅ ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ። እሷ ካረፈች ደግሞ ስድስት ዓመቷ። ጀሪካኑ አጠገብ ቆሜ እንባዬ መጣ፤ ልጁ የቀለሙ ሽታ መስሎት ወንበር አወጣልኝ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። “እስኪደርቅ ነገ ከሰዓት ይሆናል” አለኝ። ፊቴ ተለወጠ መሰለኝ። የብሎካችን ልጅ በማግስቱ ጠዋት ስራ ልትመዘገብ ነው፤ ዶክመንቷን ኮፒ አደርግልሻለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ምን ሆንሽ አለኝ፣ ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ስር የራሱን ፕሪንተር አወጣ። “ይሄን ውሰጂ፣ ነገ ትመልሺልኛለሽ።”

ስሜን አልጠየቀኝም። ስልኬን አልያዘም። “መታወቂያ ላስይዝህ?” አልኩት። “ማሽንሽ እኔ ጋ አይደል እንዴ?” አለኝ። የኔ ማሽን እኮ ያኔ ሬሳ ነው! ወረቀት ማስገቢያው ላይ አስር የሚሆን ባዶ ወረቀት ነበረ፤ እሱን እንኳ አላወጣውም። ታክሲ ላይ ረዳቱ “ለእቃው የአንድ ሰው ትከፍያለሽ” ሲለኝ ያለ ጭቅጭቅ ከፈልኩ። ያን ቀን ከማንም ጋር የምጣላበት አቅም አልነበረኝም።

በማግስቱ ስሄድ ማሽኔ ተገጥሞ፣ ውጪው ሳይቀር ተወልውሎ ጠበቀኝ። ባለቀለም ወረቀት አወጣልኝ፤ ሰማያዊው ሰማያዊ ነው፣ ቀዩ ቀይ ነው። ስንት ልክፈል? 700 ብር። 1,000 ሰጠሁት፣ 300 መለሰልኝ። የጠፋብኝን ገመድ ስነግረው ከካርቶን ውስጥ አንድ አሮጌ መዝዞ “ይሄ ትርፍ ነው” ብሎ ሰጠኝ። ለመስቀል ድፎ ዳቦ ጋግሬ ወሰድኩለት። በርበሬዋን የጠበቀችዋ ሴትዮም ቀመሰች።

እንዳይደገምብኝም መክሮኛል። ክረምትም ቢሆን በሳምንት አንድ ባለቀለም ወረቀት አትሚ አለኝ። ክሊኒንግ ሁለት ጊዜ አድርገሽ ካልተሻለው ተይው፣ አሳርፊው አለኝ። ሁልጊዜ በራሱ ቁልፍ አጥፊው እንጂ ከዲቫይደሩ አትንቀዪው፤ ድንገት ሲጠፋ ሄዱ ክዳኑ ላይ ሳይመለስ ይቀርና ይደርቃል አለኝ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስነቅለው ነው የኖርኩት።

ወገኖቼ፣ “ቦርዱ ተቃጥሏል” የተባላችሁ፣ “ለስፔር ልውሰደው” የተባላችሁ፣ ማሽናችሁን ከመጣላችሁ በፊት እባካችሁ እሱ ጋ ውሰዱት። በእናታችሁ ውሰዱት። የማይሰራ ከሆነም አይሰራም ብሎ በነፃ ይመልስላችኋል፤ እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ አንድ ሰውዬ እንዲህ ሲሸኝ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስልኩን እዚሁ ላወጣው ብዬ ነበር። “ብቻዬን ነው የምሰራው፣ ስልክ ሳነሳ ልውል ነው” ብሎ ከለከለኝ። ስለዚህ ኢንቦክስ ፃፉልኝ፣ አቅጣጫውን እነግራችኋለሁ። አርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለስግደት ይዘጋል፤ በዚያ ሰዓት አትሂዱ። ስትወስዱት ደግሞ ማሽኑን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ እንዳታጋድሙት። ቀሚሴን ያየ ያውቃል።